በሙሉ ድምፅ

ላንድክሩዘሯ ከወልድያ ወደ መርሳ ቁልቁል ስትወርድ አቶ ይታገሱ ንግግራቸውን ይለማመዱ ነበር። ድምፅ የለም፤ ከንፈራቸው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። መኪናዋ ጉድጓድ በመታች ቁጥር ቃሉ ይጠፋባቸውና እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳሉ።

ከኋላ ወንበር ላይ ወይዘሮ ፍሬሕይወት ጥቁሩን የቃለ ጉባኤ ጥራዝ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። አቶ ይታገሱ ወልድያ በሚሰበሰበው ምክር ቤት የመርሳ ወኪል ናቸው፤ እሷ የምክር ቤቱ ጸሐፊ ናት። በደርግ ጊዜ በዚያው ቢሮ የታይፕ ሠራተኛ ነበረች፤ በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ሹማምንቱ ሄዱ፣ የአማርኛው ታይፕና እሷ ግን ባሉበት ቀሩ። አሁን 1989 ዓ.ም. ነው፤ ወሩ ኅዳር፤ መርሳ ያለችበት የሐብሩ ወረዳ ብርቱካን የሚደርስበት ጊዜ።

«ወይዘሮ ፍሬሕይወት» አሉ አቶ ይታገሱ ወደ ኋላ ዞረው፤ «‹ግፍ› ነው ልበል ወይስ ‹ከአቅም በላይ› ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ አቶ ይታገሱ። እርስዎ ያሉትን እጽፋለሁ።»

«‹ግፍ› ይሻላል» አሉ ትንሽ አስበው። «ሕዝቡ ይሰማዋል።»

ነገሩ የኬላ ቀረጥ ነበር። ከሦስት ቀን በፊት አርባ አንዱ የምክር ቤት አባላት ወልድያ ተሰብስበው አዲስ ታሪፍ አጽድቀዋል። ቀድሞ በኬላ የሚከፍለው የጭነት መኪና ብቻ ነበር። አዲሱ ታሪፍ አህያንም ጨመረ። ገበሬ የራሱን ምርት በራሱ አህያ ጭኖ ገበያ ሲወጣ፣ ገመድ በተወጠረበት ሁሉ በጭነት አንድ ብር ከሃምሳ ይከፍላል። ከመርሳ ወልድያ ድረስ ደግሞ ገመዱ ሁለት ቦታ ነው የተወጠረው።

በዚያ ቀን ሰብሳቢው ጓድ ማሩ ታሪፉን አንብቦ ሲጨርስ «ጥያቄ ያለው?» ብሎ ነበር። አንድ ሰው ሻይ መቼ እንደሚመጣ ጠየቀ። ከዚያ «የሚደግፍ?» ተባለ። እጆች ተነሱ። ፍሬሕይወት ቆጠረች። የአቶ ይታገሱ እጅ ከፊተኞቹም ከኋለኞቹም አልነበረም፤ መሐል ላይ ነው የተነሳው። አርባ አንድ። «የሚቃወም?» የለም። «ድምፀ ተአቅቦ?» የለም። እነዚህን ሁለት «የለም»ዎች ፍሬሕይወት ሁልጊዜ ከስብሰባው በፊት በታይፕ መትታ ነው የምታዘጋጃቸው። ጊዜ ይቆጥብላታል፤ ተሳስታም አታውቅ።

ጓድ ማሩ ከበረሃ የመጣ ታጋይ ነው፤ ቀጭን፣ ንግግሩ አጭር፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ። ጉባኤው ሲበተን እንዲህ አለ፦ «ወደየመጣችሁበት ስትመለሱ ሕዝቡ ማጉረምረሙ አይቀርም። ይተንፍስ። እናንተም አብራችሁት ብትተነፍሱ አንቀየምም። ገመዱ ግን አይላላም።»

አቶ ይታገሱ ይህንን ነው እንደ ፈቃድ ይዘው የወረዱት።

ሲሪንቃ ሳይደርሱ የመጀመሪያው ኬላ ላይ ደረሱ። አህዮች ከነጭነታቸው ዳር ይዘው ተሰልፈዋል። አንዲት ሴት ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠሮ ትፈታለች። ጠባቂው የመንግሥት ታርጋ ሲያይ ገመዱን መሬት አስነካና ሰላምታ ሰጠ። አቶ ይታገሱ ወደ ወረቀታቸው አቀረቀሩ።

ገመዱን ካለፉ በኋላ «በልቤ እኮ ተቃውሜያለሁ» አሉ፤ ለማን እንደሆነ አይታወቅም። «እጄን ሳነሳ ልቤ አብሮ አልተነሳም። አይ ብልስ ምን ላመጣ? እኔን አንስተው ከእኔ የባሰ ያስቀምጣሉ።»

ሾፌሩ ማርሽ ቀየረ። ፍሬሕይወት በመስኮት ወደ ውጭ ተመለከተች።

መርሳ ላይ አቶ ይታገሱ የተወደዱ ሰው ናቸው። ወኪል ከመሆናቸው በፊት አሥራ አምስት ዓመት አስተምረዋል፤ ከዚያም የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ሆነዋል፤ አሁንም ናቸው። ከገበያው ሰው እኩሌታው ፊደል የቆጠረው በእሳቸው እጅ ነው። ገበያው ጥግ ካለው መጋዘን ፊት ጠረጴዛ ተዘጋጅቶላቸው ሲቆሙ ሰዉ ጭነቱን እየተወ መጣ።

ደኅና ተናገሩ። አህያ መኪና አይደለም አሉ። ገበሬ በበሬው አርሶ፣ ውሃውን ጠልፎ፣ ተክሉን ኮትኩቶ ያፈራውን ወደ ገበያ ሲያወጣ ሁለት ጊዜ ገመድ መወጠር ምን የሚሉት ልማት ነው አሉ። «ይህ ታሪፍ» አሉና ትንሽ ቆም ብለው፣ «ግፍ ነው።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ከመንግሥት ወገን እንዲህ ያለ ቃል መስማት አልለመዱም። ከዚያ ሴቶቹ እልል አሉ፤ ወንዶቹ አጨበጨቡ። ፍሬሕይወት «ግፍ ነው አሉ» ብላ ጻፈች።

ከፊት ከተቀመጡት መሐል አንዲት ሴት ተነሳች። መሪማ ትባላለች፤ ሠላሳን ያለፈች፣ ብርቱካን በሁለት አህያ ጭና ወልድያ የምትነግድ።

«አቶ ይታገሱ፣ አስተማሪዬ ነበሩ። እንዳይቀየሙኝ» አለች። «ሲወሰን እርስዎም እዚያው ነበሩ። ያኔ ምን አሉ?»

«ታገልኩ» አሉ አቶ ይታገሱ፤ ሳይዘገዩ ነው የመለሱት። «ብቻዬን ነበርኩ። ድምፅ በዛብኝ።»

የፍሬሕይወት እስክሪብቶ ቆመ። መሪማም አየቻት።

«እርስዎ ጸሐፊዋ አይደሉ? እዚያ ነበሩ። እንዳሉት ነው?»

«እኔ የምጽፍ ነኝ፣ እህቴ። የምናገር አይደለሁም።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። መሪማ ትንሽ ስታያት ቆየችና ዐይኗን አንስታ ተቀመጠች። ፍሬሕይወትን የገረማት መልሱ እንዴት ቀልሎ ከአፏ እንደወጣ ነው።

ከዚያ የመሪማ አባት ሸህ አብዱሰመድ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሱ። የሰባ ዓመት ሰው ናቸው፤ ብርቱካኑ የእሳቸው ነው፣ ነጋዴዋ ልጃቸው። ቢስሚላህ ብለው ጀመሩ።

«ባለፈው ገበያ ሁለቱም ገመድ ላይ ከፍለን ወልድያ ገባን። የከፈልነውን ዋጋው ላይ ብንጨምር የሚገዛ ታጣ፤ ባንጨምር ለእኛ የሚተርፍ ታጣ። ግማሹን ይዘን ተመለስን። እህል ቢሆን ጎተራ ይቆያል። ብርቱካን ግን እንደ ሰው አይታገስም።» ሰዉ ሳቀ፤ እሳቸው ግን ወደ ወኪሉ ዞረው ቀጠሉ። «ብቻዬን ነበርኩ አሉን። አላህ ይስጥልን። ከዛሬ ጀምሮ ብቻዎን አይደሉም። አቤቱታ እንጽፋለን፣ አንቱ ይዘውልን ይገባሉ።»

«እሺ» አሉ አቶ ይታገሱ።

ማመልከቻ ጸሐፊው ኢስሐቅ ታይፑን ከቀበሌው በር ላይ አንስቶ አመጣ። ሽማግሌዎቹ ይናገራሉ፣ እሱ ወግ እያስያዘ ይመታል። አንደኛው አንቀጽ እንዲህ ይል ነበር፦ «ክቡር ወኪላችን አቶ ይታገሱ ይህንን ታሪፍ ብቻቸውን ተቃውመው በድምፅ ብልጫ የተሸነፉ በመሆኑ፣ እኛ ስማችንና አሻራችን ከዚህ በታች የተመለከተው ነዋሪዎች ከኋላቸው መቆማችንን እየገለጽን...»

የማኅተም ቀለም ተገኘ። ሰዉ አውራ ጣቱን እያስነካ አለፈ፤ ሴቶቹ ጣታቸውን በቅጠል ጠረጉ። ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ሰው ፈረመ። የመጀመሪያው መሥመር ለአቶ ይታገሱ ባዶ ተተወ።

«የኔ ወልድያ ቢሆን ይሻላል» አሉ እሳቸው ወረቀቱን ሲቀበሉ፤ «ማኅተም ካለበት ቦታ።»

የተማሩ ሰው ናቸውና ማንም አልጠየቀም። ይልቁንም ግማሽ ጆንያ ብርቱካን አምጥተው መኪናዋ ላይ ጫኑላቸው። ለታገለላቸው ሰው ነው። ሲመለሱ ጠባቂው እንደገና ሰላምታ ሰጠ፤ ብርቱካኑ ሁለቱንም ገመድ ሳይከፍል አለፈ።

አቶ ይታገሱ ወረቀቱን ያነበቡት ሲሪንቃን ካለፉ በኋላ ነው። አንብበው ጨረሱ፤ ደግመው አነበቡ።

«ይኼ ወረቀት መዝገብ ቤት ባይደርስ ምን ይሆናል?»

«አልደረሰም ይባላል።»

«እንግዲያ አንቺ ጋ ይቀመጥ።» እስከዚያች ሰዓት ድረስ «አንቺ» ብለዋት አያውቁም ነበር። «ፍሬሕይወት፣ ነገሩን ታውቂዋለሽ። ማሩ ይህችን ‹ብቻቸውን ተቃውመው› የምትለውን ካነበበ ግምገማ ላይ ነው የሚያቆመኝ። ስድስት ልጆች አሉኝ።»

«አውቃለሁ» አለች። ወረቀቱን ተቀብላ ጥራዟ ውስጥ ከተተችው።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮዋ ተቀምጣ አወጣችው። ደንቡ ግልጽ ነበር፦ ከመቶ ሰው በላይ የፈረመበት አቤቱታ ገቢ ሆኖ ቁጥር ከተሰጠው፣ በሚቀጥለው ጉባኤ አቅራቢዎቹ ባሉበት ይነበባል። ደንቡን በስቴንስል ያባዛችው ራሷ ናት። እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም ተጠቅሞበት አያውቅም። አሻራዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። አንዳንዱ ደብዝዟል፣ አንዳንዱ ከመሥመሩ ወጥቷል። ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ መቆለፍ ቀላል ነበር፤ መሳቢያው ክፍት ነው፣ ቁልፉም ላዩ ላይ አለ። የማይለቃት ግን መሪማ ዐይኗን ከፊቷ ላይ ያነሳችበት ሁኔታ ነው። አልተቆጣችባትም፣ አልሰደበቻትም። እንደማይረባ ዕቃ አይታ ነው የተወቻት።

የ«ገቢ» ማኅተሙን አንስታ መታችው፤ ቁጥርና ቀን ጻፈችበት።

አቶ ይታገሱ ከሰዓት በኋላ መጡ። «መዝግቤዋለሁ» አለቻቸው፤ ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም።

ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ገደልሽኝ» አሉ።

«እኔ የሰጠሁት ቁጥር ብቻ ነው፣ አቶ ይታገሱ። ቃሉ የእርስዎ ነው።»

ጉባኤው በአሥራ አምስተኛው ቀን ተቀመጠ። ከኋላ አግዳሚ ላይ ሸህ አብዱሰመድ፣ መሪማና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ። ሸህ አብዱሰመድ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰዋል። ወኪላቸውን ሲያዩ በአክብሮት ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ፤ አቶ ይታገሱም ጎንበስ ብለው እጅ ነሱና ፈጥነው ወደ ፊት ሄዱ።

ጓድ ማሩ አቤቱታውን ራሱ አነበበው። «ብቻቸውን ተቃውመው» የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁ አልተለወጠም። እስከ መጨረሻው አንብቦ ወረቀቱን አስቀመጠና «ጓድ ይታገሱ» አለ፤ «ተቃውመሃል?»

አርባ ሰው ዞሮ አያቸው። ከኋላም አራት። አዎ ካሉ ቃለ ጉባኤው ፍሬሕይወት ፊት ተቀምጧል። አይ ካሉ የመርሳ ሰዎች እዚያው ናቸው።

«ሐሳብ ነበረኝ» አሉ አቶ ይታገሱ ተነስተው።

«ሐሳብህን አልጠየቅሁም። እጅህን ነው።»

አቶ ይታገሱ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉ።

«አንስቻለሁ» አሉ። «ለድጋፍ ነው ያነሳሁት።» ከዚያ ሳይጠየቁ ወደ ኋላ ዞረው፣ «ታገልኩ ያልኳችሁ ውሸት ነው» አሉ።

ሸህ አብዱሰመድ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። አንዱ ሽማግሌ የሆነ ነገር ሊል ሲል በእጃቸው ያዝ አደረጉት። መሪማ ቀጥ ብላ አስተማሪዋን አየች።

ጓድ ማሩ አልተደሰተም፣ አልተቆጣም። ሰዓቱን አየና፣ «አቤቱታ ከቀረበ ድምፅ ይሰጥበታል። ታሪፉ እንዳለ እንዲቀጥል የሚደግፍ?» አለ።

እጆች ተነሱ። ፍሬሕይወት ከግራ ጀምራ ቆጠረች፣ አርባ ላይ ደርሳ ቆመች። ተሳሳትኩ ብላ እንደገና ጀመረች። አሁንም አርባ። የአቶ ይታገሱ እጅ ጠረጴዛው ላይ ነው።

«የሚቃወም?»

ሁሉም አቶ ይታገሱን እያየ ነበር። እሳቸው ፊታቸው ያለውን ብርጭቆ ይመለከታሉ። እጃቸው ትንሽ ነቅነቅ አለች፣ ተመልሳ ተቀመጠች።

«ድምፀ ተአቅቦ?» አለ ጓድ ማሩ፤ ከልምድ ነው።

እጃቸው ያኔ ተነሳ። ከጆሮ ግንዳቸው በላይ አልሄደም፤ ግን ተነስቷል። ፍሬሕይወት በታይፕ የተመታውን «የለም» በእስክሪብቶ ሰርዛ «አንድ» ብላ ጻፈች፤ ከአንዱ ጎንም ስማቸውን።

ከጉባኤው በኋላ ሸህ አብዱሰመድ በረንዳው ላይ ጠበቋት።

«ልጄ፣ ያቺ መጨረሻ ላይ ያነሱባት ነገር ምንድን ናት?»

«ተአቅቦ ነው፣ አባባ። አልደግፍምም አልቃወምምም ማለት ነው።»

«ዝም ማለት?»

«እጅ አውጥቶ ዝም ማለት።»

ሽማግሌው ወደ አዳራሹ ዞሩ። በመስኮቱ በኩል ጓድ ማሩ ከሁለት ሰዎች ጋር አቶ ይታገሱን አስቀምጦ ሲያናግር ይታያል።

«ለዚችም ያስጨንቋቸዋል?»

«ያስጨንቋቸዋል።»

«እንግዲያ አይሆንም ቢሉስ ኖሮ ከዚህ የበለጠ ምን ያደርጓቸው ነበር?» አሉ። መልስ የጠበቁ አይመስሉም። ልጃቸው ክንዳቸውን ይዛ ወደ መናኸሪያው ወሰደቻቸው። መሪማ ለፍሬሕይወት ምንም አላለቻትም፤ ስታልፍ ግን ራሷን በትንሹ ነቀነቀችላት።

ግምገማው ሁለት ቀን ፈጀ። አቶ ይታገሱ ሒሳቸውን ዋጡ፤ ከወኪልነትም ከዲሬክተርነትም ተነስተው በቆላው በኩል ካለች ትንሽ ትምህርት ቤት ተራ አስተማሪ ሆኑ። ጠዋት ጠዋት ሰዓት ተኩል በእግር ይሄዳሉ ተባለ። ፍሬሕይወትን ማንም አልነካትም። ጓድ ማሩ አንድ ቀን ቢሮዋ መጥቶ «ደንቡን አንብቤዋለሁ። ያደረግሽው ልክ ነው» አላት። በሚቀጥለው ጉባኤ አቤቱታ ጉባኤ ፊት እንዳይነበብ ደንቡ ተሻሻለ፤ በሙሉ ድምፅ።

ግንቦት ላይ የአህያው ቀረጥ ቀረ። ከአህያ የሚሰበሰበው ለጠባቂዎቹ ደመወዝ እንኳ አልበቃ ብሎ ነበር፤ ገበሬውም ገመዱን እየሸሸ በእግር መንገድ ማቋረጥ ለምዷል። ከላይ አንድ የአራት መሥመር ደብዳቤ መጣና ጓድ ማሩ አነበበው። አርባ አንድ እጅ ተነሳ፤ በአቶ ይታገሱ ወንበር ሌላ ሰው ተቀምጦ ነበር።

በዚያው ሳምንት ወኪሎቹ ሁሉ ወደየገበያቸው ወረዱ። ሐራ የከብት ገበያ ላይ አንዱ በድምፅ ማጉያ «ገመዱን ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ» አለ፤ ሰንጋ ሊገዛ የመጣው ሰው ሁሉ አጨበጨበለት። ሌላው «ከመጀመሪያውም ግፍ ነው ብዬ ነበር» አለ። ፍሬሕይወት ለውሎ አበል ሲባል በየስብሰባው እየተገኘች ሁሉንም ጻፈች። አርባዎቹም ታግለው ነበር።

የመጨረሻው ስብሰባ መርሳ ላይ ነበር፤ የተናገረውም በአቶ ይታገሱ ቦታ ከወልድያ የተላከው ሰው ነው። ስብሰባው ሲያልቅ ፍሬሕይወት ወደ ፍራፍሬው ተራ ገባች። መሪማ ማንጎዋን በጆንያ ላይ ደርድራ ተቀምጣለች። ፊቷ አቶ ይታገሱ ቆመዋል፤ ጫማቸው አቧራ ለብሷል፣ ኮታቸው ትከሻው ላይ ሳስቷል። ፍሬሕይወት ሰላምታ ልትሰጣቸው ስትል አህያ የሚነዳ አንድ ገበሬ ቀደማትና እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘ።

«እርስዎ ነዎት ያስነሱልን» አላቸው። «እነሱ ይለፍልፉ። እኛ ግን ማን እንደተቃወመ እናውቃለን። ከሥራዎ እስኪያነሱዎ ድረስ።»

አቶ ይታገሱ እጃቸውን ቀስ ብለው አስለቀቁ።

«እኔ አልተቃወምኩም፣ ወንድሜ» አሉ። «ሲጸድቅ እጄን አውጥቻለሁ። በኋላ ደግሞ ዝም አልኩ እንጂ አልተቃወምኩም።»

ገበሬው ፈገግ አለ። ዞሮ ለጎረቤት ነጋዴዎች፣ «አያችሁ ትሕትናቸውን» አላቸው። ሁለት ሦስት ሰው አንገቱን በአድናቆት ነቀነቀ።

አቶ ይታገሱ ፌስታላቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ፊታቸው ላይ ድካም ነበር።

«ትሕትና አይደለም» አለች መሪማ፣ ከማንጎው ቀና ሳትል። «እውነታቸውን ነው።»

ገበሬው ግራ ተጋብቶ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሳቸውን አየ። ከዚያ አህያውን ነድቶ ሄደ። መሪማ የተጨፈለቀውን ወደ ጎን እያደረገች ደኅናውን መረጠችና ሚዛኑ ላይ አኖረች።

«ሁለት ኪሎ ነው ያሉኝ፣ ጋሼ?»

«ሁለት» አሉ አቶ ይታገሱ፤ ፌስታላቸውንም ከፍተው ያዙላት።